የሚዛን ቤቱ ጣራ

መስከረም 12

ይድረስ ለውድ አክስቴ፣

ይህች ወረቀት ከእጅዎ ስትደርስ ጉልበትዎን እንደሳምኩ ይቁጠሩልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የግራ ጉልበትዎ ይነሣብዎት ነበር፤ አሁንስ ተሻለዎት? እዚህ ባሕር ማዶ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለን የለም ብዬ ብጽፍ ወግ ይሆናል እንጂ እውነት አይሆንም። ጊዜ ይጎድለናል፣ እንቅልፍም ይጎድለናል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልዎ መቆየቴን አውቃለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እጄ ለደብዳቤ አልታዘዝ አለኝ። ይቆጡኝ፤ ግን ቁጣዎን አሳጥረው አንዲት ልመናዬን ይስሙልኝ።

ያን የድንጋይ ቤት፣ እርስዎ ቁልፉን የያዙትን፣ በወረቀት ላይ ልሥለው ፈልጌያለሁ። ልጆቼን ቅድመ አያታችሁ የገነባው ቤት አለ ስላቸው እናየዋለን ብለው ይዘውኛል። ሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ሆኖ የአያቴን ሥራ አንድ መስመር እንኳ አለመሣሌ ያሳፍረኛል። ሥዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ለዚህ ፎቶግራፍ አይበቃኝም፤ ልክ ያስፈልገኛል። የክፍሎቹን ርዝመትና ወርድ፣ የደረጃዎቹን ቁጥር፣ የበሮቹንና የመስኮቶቹን ቦታ ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ላይኛውንም ክፍል ጭምር።

ፈጣሪ ለዓይኔ ያቆይልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 20

ይድረስ ለጠፋው ልጄ፣ ለጭራሮ፣

ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ለደብዳቤ የሚታዘዝ እጅም ይስጥህ። ምርቃቱ አለቀ፤ አሁን ቁጣው ነው። ሦስት ዓመት! እናትህን የቀበርክ ጊዜ እኔም ምራቴን ነው ያጣሁት። "እንዴት ነዎት" የሚል ቃል ለመጻፍ ስንት ጣት ያስፈልጋል? ጉልበቴ እንደሆነ ደህና አይደለም፤ ያምሃል ወይ ብለህ ስለጠየቅከው ግን ትንሽ ኮራ ብሏል።

የጠየቅከውን ለክቼልሃለሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ። እዚህ ያለው ጸሐፊ ከመሳቢያው የሚጠቀለል ሜትር አውጥቶ "እማማ፣ በዚህ ይለኩ" ቢለኝ አፍንጫህን ላስ አልኩት። ይህ ቤት የተገነባው በአባባ ዘንግ ነው፤ የሚለካውም በአባባ ዘንግ ነው። ታስታውሰዋለህ? ሁለት ሜትር፣ ቀጥ ያለ፣ መካከሉ ላይ አንድ ምልክት የተቀረጸበት፣ አንዱ ጫፉ በናስ ሌላው በቆርቆሮ የታሸገ። አሁንም ከአልጋዬ ራስጌ ግድግዳውን ተደግፎ ይኖራል።

ታችኛው አዳራሽ ስምንት ዘንግ ነው፤ አሥራ ስድስት ሜትር በል። ጉምሩክ በነበረ ጊዜ የጋሪ መንኮራኩር የበላው የድንጋይ ወለል ዛሬም እንደጎደጎደ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አልጽፈውም። ከዚያ የእህል መጋዘን ሆነ። የእህሉ ዘመን ካለፈ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ዝናብ ወለሉን ባራሰው ቁጥር ግን ከድንጋዩ ስንጥቅ ስንዴ ይበቅላል። ጸሐፊው እየነቀለ ይጥለዋል፤ እኔ እቆጣዋለሁ። አሁን እንደምታውቀው መዝገብ ቤት ነው። የሁሉም ሰው የመሬት ክርክር እዚህ ተከምሮ አቧራ ይጠጣል። ጡረታዬን ከወሰድኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ቁልፉን የሚረከበኝ ስለጠፋ እስካሁን ወገቤ ላይ ነው።

ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው። ሰባተኛው ከሌሎቹ ሁለት ጣት ያንሳል። ልብ ብለህ ሣለው፤ አባትህ በልጅነቱ የፊት ጥርሱን የሰበረው እዚያ ነው። ላይኛው ክፍል አራት ዘንግ፣ ማለት ስምንት ሜትር ነው። ከዚያ ክፍል ሌላ የምነግርህ የለኝም።

ሥዕሉን ስትጨርስ አንድ ቅጂ ላክልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ።

አክስትህ


ኅዳር 18

ይድረስ ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የላኩልኝ ልክ ደርሶኛል፤ ፈጣሪ እጅዎን ይባርከው። ሥራዬን በእጅጉ አቃሎልኛል።

ጥቂት የቀሩ ነገሮች አሉ። የውጭ ግድግዳዎቹ ውፍረት ስንት ነው? የጣራው እንጨቶች በስንት በስንት ርቀት ነው የተቀመጡት? ላይኛው ክፍል ውስጥ በጡብ የተደፈነው መስኮት፣ ጡቡ ክብደት ተሸክሟል ወይስ እንዲሁ የተሞላ ነው? መዝገቦቹ ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወሩበት ቀን ሲወሰን ከሰሙም ይጻፉልኝ።

ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው በአጭሩ የጻፍኩት።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 25

ይድረስ ለሥራ የበዛበት ልጄ፣

ሰላም ከቤትህ አይጥፋ። ደብዳቤህ በማሽን ተጽፎ ነው የመጣው፤ ፊርማህን ባላየው ኖሮ ከውኃ ክፍል የተላከ ማስጠንቀቂያ ይመስለኝ ነበር። ስለ ጉልበቴም አልጠየቅክም።

የውጭው ግድግዳ ሁለት ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድንጋይ ነው። የጣራውን እንጨት ለማየት መሰላል ላይ ወጥቻለሁ፤ በስድሳ አራት ዓመቴ። በየአንድ እርምጃው ነው። የተደፈነው መስኮት አንዲት ስስ ጡብ ናት፤ የተሸከመችው ነገር የለም። ክፍት ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ባለው፣ የጉምሩክ ዕቃ ይመዘንበት በነበረው የሚዛን ቤት ጣራ ላይ የቆመ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊነካው ይችል ነበር፤ ያን ያህል ቅርብ ነው። ማን እንደደፈነው እንዳትጠይቀኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሳሎን የሚሰቀል ሥዕል የጣራ እንጨት ርቀት ምን ያደርግለታል? መዝገቦቹ እንደሚዛወሩስ ማን ነገረህ? እዚህ ያለን ሰዎች እንኳ ወሬውን የሰማነው ባለፈው ሳምንት ነው። ምላሴን ነክሼ ልክህን ልኬልሃለሁ። መልሱን ግን በእጅህ ጻፍልኝ።

አክስትህ


መጋቢት 3

ይድረስ ለክቡር መሐንዲስ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ከታኅሣሥ ወዲህ መልስ ስላልሰጡኝ በሰላም ከርመው ይሆናል። ካሁን በኋላ እርስዎ ነው የምልዎት። አንተ የምለው የማውቀውን ሰው ነው።

ትናንት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ባለሥልጣኖቹ ቤቱን ለሆቴል ሰጥተውታል። ሰውዬው ጥቅል ወረቀት ይዞ ገብቶ በቁልፍ መዝገቤ ላይ ዘረጋው። ደህና አድርጎ የተሣለ ነው፤ መቼም ሙያዎን አልክድም። ደረጃው ጋ ቀይ ምልክት አየሁና ምንድን ነው አልኩት። "ይህቺ ደረጃ ሁለት ጣት ዝቅ ትላለች፤ ትስተካከል ተብሏል" አለኝ። በዓለም ላይ ያቺን ደረጃ በጣት የለካት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ሰውዬው እማማ አመምዎት እንዴ ብሎ ውኃ አስመጣልኝ። ውኃውን ጠጣሁ። ምን ላድርግ?

ዓይን ያወጣ ውሸት ነው የዋሹኝ። የልጆችዎን ስም አንሥተው፣ የአያትዎን ስም አንሥተው፣ ባሮጊት ጉልበቴ መሰላል አስወጥተው አስለኩኝ። እኔም ጅሏ፣ የወንድሜ ልጅ ለቤቱ አሰበ ብዬ አራት ቀን ወለል ላይ ተንበረከክኩ።

ስለ ላይኛው ክፍልም ጠየቅኩ። የመጠጥ አዳራሽ ይሆናል አለኝ። የተደፈነው መስኮት ያለበት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተነሥቶ መስታወት ይገባበታል። እንግዶች መጠጣቸውን ይዘው ጀንበር ስትጠልቅ ይመለከታሉ። አባትዎ በዚያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ወር ታስሮ ተቀምጧል። ከዚያ አንድ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር በጭነት መኪና ወሰዱት፤ የት እንዳደረሱት እስካሁን የነገረን የለም። መቃብር የለንም። ያለን ያ ግድግዳ ነው። ጡቡ ላይ ወደ ታች፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጀርባውን ያስደግፍበት የነበረው ቦታ ወዝ ይዞ ጠቁሯል። እህሉ ሲከመርበትም አልለቀቀ፣ ኖራ ሲቀቡትም ኖራውን እየበላ ወጣ። በዓመት አንድ ቀን በሩን ከውስጥ ዘግቼ እጄን አስቀምጥበታለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎም መንገር አልነበረብኝም።

ያን ግድግዳ ከሥዕልዎ ላይ ይመልሱት። ሌላ ምንም አልለምንዎም፤ ሆቴል ያድርጉት፣ ከፈለጉ የፈረስ ጋጣ ያድርጉት። ግድግዳውን ግን ይመልሱ።

ቁልፍ ያዥዋ


መጋቢት 30

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በእጄ ነው የምጽፈው።

አዎ፣ ዋሽቻለሁ። መሥሪያ ቤቴ ለውድድሩ ንድፍ ማቅረብ ነበረበት፤ ቤቱን ገብቶ ለመለካት ደግሞ ፈቃድ አልተሰጠንም ነበር። እውነቱን ብነግርዎ አይለኩልኝም፤ ዋሸሁ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለግድግዳው ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

እርስዎ መቃብር ይሉታል፤ እኔ እስር ቤት ነው የምለው። የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ እጄን ይዛ ከዚያ በር ፊት ታቆመኝ ነበር። ሰዓቱ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ከባድ ነው። አባትህ ከላይ ያይሃል፣ ቀና በል ትለኛለች። ቀና ስል የማየው ጡብ ነው። እስካሁን ሕልሜ ውስጥ ያ ጡብ አለ። ሥራውን ስናሸንፍ የመጀመሪያውን መስመር የሣልኩት እዚያ ላይ ነው። ይፍረስ አልኩ። ብርሃን ይግባበት፤ ሰው ይሳቅበት፤ ብርጭቆ ይንኳኳበት። እርስዎ ቁልፉን ወገብዎ ላይ አሥረው አርባ ዓመት በዚያ በር ሲወጡና ሲገቡ እንዴት አንጀትዎ ቻለ? እኔ አንድ ቀን አልችልም።

ደግሞ ማን እንደደፈነው እንዳትጠይቀኝ ይሉኛል። አላውቅም መስሎዎት ነው? እናቴ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ነገረችኝ። የአባቴን አየር የዘጋው የገዛ አባቱ ነው። መሣሪያውን ተሸክሞ ሄዶ ልጁ ውስጥ ተቀምጦ እያየ ጡቡን ደርድሯል። እርስዎ አባባ፣ አባባ እያሉ የሚያቆላምጡት ሰው ማለት ነው። በእሱ ዘንግ የተለካ ግድግዳ እንዲቆም የሚፈልጉት ለማን ክብር ነው?

ግድግዳው ይፈርሳል። ወለሉንና ጣራውን የሚሸከመው ብረትም ታዟል።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 22

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ልልህ ብዕር አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። እንግዲህ ሰላም ይሁንልህ።

እናትህ የነገረችህ እውነት ነው። ወንድሜ በመስኮቱ ከታች ካለው ሰው ጋር ይነጋገራል ተባለና አሳሪዎቹ የከተማውን ግንበኛ ጠሩ። የከተማው ግንበኛ አባባ ነው። እምቢ ይላል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ዘንጉንና መዶሻውን አንሥቶ "ታዘዝኩ" አለና ሄደ።

ይህ አልበቃ ብሎት ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰላል ተሸክሞ የሚዛን ቤቱን ጣራ በየሳምንቱ ይጠግንላቸው ነበር። ለአሳሪዎች ጣራ! ዝናብ ዓይኑ በጠፋበት ወር እንኳ ከዚያ ጣራ አይጠፋም። ሰው በመንገድ ሲያልፍ ቀና እያለ ያየዋል፤ እኔ ደግሞ ከሰው መሐል አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። የጭነት መኪናው ወንድሜን በወሰደ ሳምንት ጣራ መጠገኑን ተወ። ለማን ይጠግን፤ የሚያመሰግኑት ሰዎች እስረኛቸውን ጨርሰዋል አልኩ።

ከዚያ ወዲያ አላናገርኩትም። እስኪሞት ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፤ ቃል ግን አላወጣም። ሲታመም አስታመምኩት፤ ያኔም አላናገርኩትም። ዘንጉን የማቆላምጠው እጁን ስለማከብር ነው፤ የእጁን ሥራ ከሰውየው ለይቼ ነው የኖርኩት። እንዴት አንጀትዎ ቻለ አልከኝ፤ ይኸው እንደዚህ ነው የቻለው።

ስለዚህ ስለ ክብር አታስተምረኝ። እኔ የምጠብቀው የእሱን ጡብ አይደለም፤ ጡቡ ላይ ያለውን የወንድሜን ወዝ ነው። ሊያፈርሱ ሲመጡ ወንበሬን ይዤ ከፊቱ እቀመጣለሁ። ለፎርማንህ ይህን ጻፍለት።

አክስትህ


ሰኔ 2

አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ብረቶቹ ደርሰዋል፤ አንዱም አይገባም። የላይኛው ክፍል ተሸካሚዎች ሠላሳ ሁለት ሳንቲም ይረዝማሉ፤ የታችኞቹ ስድሳ አራት። በባሕር ተጭነው፣ እዚህ በልካቸው ተቆርጠውና ተበስተው የሄዱ ናቸው። እዚያ ያለው ፎርማን ደግሞ ሳይለካ ልክ ነው ብሎ ፈርሟል፤ እሱም ይጠየቅበታል። ከሁሉ በፊት የምጠየቅበት ግን እኔ ነኝ፤ ልኩን ያመጣሁት እኔ ነኝና። አለቃዬ ዛሬ ከሰው ሁሉ ፊት ይህን ልክ ማን ለካው ብሎ ሲጠይቀኝ የሃያ ዓመት ስሜ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። አክስቴ በዘንግ ለካችው ልበል?

ሆን ብለው ነው? በጥቅምት ምንም አያውቁም ነበር፤ ወይስ ያኔም ጠርጥረውኝ ነበር? እውነቱን ይንገሩኝ። እርስዎን መጥላት አልፈልግም፤ ዛሬ ግን ጫፉ ላይ ደርሻለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 28

ጭራሮ፣

ሰላምታውን ኋላ ትወስዳለህ፤ አሁን ተቀመጥና አንብብ።

ሆን ብዬ አይደለም። ሆን ብዬ አድርጌው ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ አላሰብኩትም እንጂ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ጸሐፊውን ለምኜ ያን የሚጠቀለል ሜትር ተዋስኩና ዘንጉን ለካሁት። መቶ ዘጠና ሁለት ሳንቲም። ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። መካከል ያለው ምልክት በናሱ በኩል አንድ ሜትር ሙሉ ነው፤ በቆርቆሮው በኩል ስምንት ሳንቲም፣ አራት ጣት ይጎድለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬ መካከሉ መካከል አለመሆኑን አላየሁም። ቆርቆሮውን በቢላ ፈልቅቄ ሳወጣው ከሥሩ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። ልኩን በአንድ ጣት ያሳሳተ ሠራተኛ የሚያባርር ሰው የገዛ ዘንጉን ቆርጦታል። አባባ ያን ዕለት በሕይወት ቢኖር ኖሮ ለመስደብም ቢሆን አናግረው ነበር።

ፎርማንህ ብረቶቹን እንደምንም ለማስገባት የተደፈነውን መስኮት ማፍረስ ጀመረ። እንዳልኩህ ወንበሬን ይዤ ወጣሁና ፊቱ ተቀመጥኩ። አልነሣም አልኩ። ከላይ ሦስት ረድፍ ጡብ በራሴ ላይ እያሳለፉ አወረዱ፤ አቧራው ፀጉሬ ላይ ነው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያቸዋለሁ። ከግንበኞቹ አንዱ ከታች፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በመሮ ሲመታ ድምፁ ተለወጠ። "እማማ፣ ጡብ ውስጥ እንጨት ምን ይሠራል?" አለኝ።

ወዙ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ትክክል እዚያ ላይ።

እኔ አወጣዋለሁ አልኩና ተንበረከክኩ። የጡብ ዱቄት በዘይት ተለውሶ ተቀብቶበት ጡብ መስሏል። ስስበው እንደ ጠርሙስ ውታፍ ወጣ። አራት ጣት የሚሆን እንጨት፣ ጫፉ በናስ የታሸገ። የናሱ ጠርዝ በጣት ብዛት ተበልቶ ክብ ሆኗል። ሲያወጡት ሲከቱት፣ ሲያወጡት ሲከቱት። ከውጭ በኩል ቀዳዳው በኖራ ተደፍኗል፤ በመሣሪያ የተለሰነ አይደለም፣ በጣት የተመረገ ነው። ጣቴን ሰድጄ ስገፋው ተሰበረና ብርሃን ገባ። ወለሉ ላይ ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው አየሁ። የሚታየው የሚዛን ቤቱ ጣራ ነው።

ሌላ ነገር አይታይም። ጣራው ብቻ ነው፤ ያውም በጣም ቅርብ።

ግንበኞቹ ቆመው ያዩኛል። ፎርማኑ ሊያነሣኝ ፈልጎ እጄን ሲይዘኝ ልቀቀኝ አልኩት። ያን ጣራ አባባ ስንት ወር ሙሉ ሲጠግን ነው የኖረው። ጡቡን ሲደረድር ከዘንጉ ቆርጦ ለልጁ ውታፍ ሠርቶለታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ መሰላሉን ተሸክሞ ሄዶ፣ መዶሻውን እየመታ፣ አጎንብሶ ያናግረው ነበር። ምን ይሉ እንደነበር እንግዲህ የሚያውቅ የለም። ወንድሜም ጀርባውን ያስደገፈው ደክሞት መስሎኝ ነበር፤ ሸፍኖት ነው የተቀመጠው። መኪናው ከወሰደው በኋላ አባባ አንድ ቀን ወጥቶ ኖራውን በጣቱ መርጎ ወረደ። ያኔ ነው ጣራ መጠገን የተወው።

ለምን አልነገረኝም ብዬ ስንት ቀን ተናደድኩ። ያኔ ቢነግረኝ ምላሴን ያውቀዋል፤ እዚያው በር ላይ ቆሜ እለፈልፈው ነበር። በኋላስ? በኋላ እኔ ራሴ የማላናግረው ሰው ለማን ይንገር። ሃያ ሁለት ዓመት ሳህን ከፊቱ አስቀምጬ ብላ ሳልለው ዞሬ ሄጃለሁ። እሱም ቀና ብሎ አያየኝም ነበር፤ አፍሮ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ይኸውልህ ልኩ። ቁራጩን ዘንጉ ጫፍ ላይ ስገጥመው የመጋዙ ጥርስ ከመጋዙ ጥርስ ገጠመ፤ ሁለት ሜትር ነው፣ ምልክቱም መካከሉ ላይ ዋለ። እንደገና ለክቻለሁ። ላይኛው ክፍል ሰባት ሜትር ከስድሳ ስምንት፣ ታችኛው አሥራ አምስት ከሠላሳ ስድስት ነው። ልኩን ልደብቅህ እችል ነበር፤ የአባባ ዘንግ ዋሸ እንዲባል ግን አልፈልግም። በዚህ ልክ ብረቱን አስቆርጥና ሆቴልህን አቁም።

ግድግዳው ከሥር ቆሟል። ፎርማኑ ያንተ ቃል እስኪመጣ አልነካም ብሎኛል። ይፍረስ የምትል ከሆነ ይፍረስ ብለህ በእጅህ ጻፍና ላክልኝ፤ ወንበሬን አነሣለሁ። አልከራከርህም። በአባባ ላይ የነበረኝ ቁጣ ባለቤት አጥቶ እዚሁ ቤት ውስጥ ይዞራል፤ ለጊዜው ባንተ ላይ አሳርፌው ነበር፣ አሁን ግን አብዛኛው ወደ ራሴ ተመልሷል። ያ ጣራ አንድ ቀን አንጠባጥቦ አያውቅም። የሚዛን ቤቱ ከዚህ መስኮት ሥር ነው፣ በየቀኑ አየዋለሁ፤ አባባን አንድ ጊዜ እንኳ ጣራው ምን ሆኖ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

አክስትህ


ሐምሌ 19

አክስቴ፣

ግድግዳው እንዳይነካ ዛሬ በእጄ ጽፌ ለፎርማኑ ልኬያለሁ። ያፈረሷቸውን ሦስት ረድፎች በዚያው ጡብ ይመልሷቸዋል። አለቃዬ ተቆጥቷል፣ ሥራ አስኪያጁም ደውሎ ጮኾብኛል፤ ሥራው ከእጄ ሊወጣ ይችላል። እኔም ጮኽኩባቸው። በማን ላይ እንደምጮኽ ግን አላወቅኩም።

ከዚያ በር ፊት ቆሜ ቀና ስል ጡብ ነው የማየው ብዬዎት ነበር። አያቴን ግን አይቼዋለሁ። ጣራው ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ተንበርክኮ መዶሻ ሲመታ። ሰላም በለው ብላ እናቴ ስትገፋኝ እምቢ ብያለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ቀዳዳውን እንዳይደፍኑት አደራ። ውታፉን ይያዙልኝ። በመስከረም እመጣለሁ፤ መሰላል ያዘጋጁልኝ።

ጭራሮ